በዓይን የማይታየውን የከብት ጠላት የለዩት ሐኪም

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ በአምቦ፣ በጉደርና በወንጪ አካባቢ መስኩ ይለመልማል። በጭቃና በብርድ የተጎዳው ከብትም ማገገም ይጀምራል። ተናካሽ ዝንብና ትንኝ የሚበዛውም በዚሁ ወቅት ነው። አንድ አርሶ አደር በዚህ ጊዜ በሬው መኖ ትቶ፣ ሰውነቱ ግሎ፣ ቆዳው እዚህም እዚያም ጓጉሎ ቢያገኘው ምክንያቱን የሚነግረው ሰው አያጣም። አንዱ ዝንብ ነክሶት ነው ይለዋል፤ ሌላው መርዛማ ቅጠል በልቶ ነው ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ ብርድ መትቶት ነው ብሎ ያልፈዋል። የበሽታው ማንነት እስካልታወቀ ድረስ ግን የሚሰጠው መድኃኒትም ሆነ የሚደረገው ጥንቃቄ ከግምት አያልፍም።

በአፍሪካ ምድር የከብትን በሽታ ከግምት አውጥተው በማስረጃ በመለየት ስማቸው ጎልቶ ከሚነሳ ሰዎች አንዱ በትውልድ ስዊዘርላንዳዊ የሆኑት የእንስሳት ሐኪም ሰር አርኖልድ ታይለር ናቸው። ታይለር አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በደቡብ አፍሪካ ነው። ይሁን እንጂ ለትልቁ ሥራቸው ያበቃቸው ወረርሽኝ ወደ ደቡብ ከመውረዱ በፊት የኢትዮጵያን ከብት ጠራርጎ የፈጀው በሽታ ነበር። በነፍሳት አማካይነት ስለሚተላለፉ የእንስሳት ቫይረሶች ያገኙት ዕውቀትም ዛሬ በወንጪ ተራሮች ላይ በሬ ለሚጠምደውና ፈረስ ለሚጭነው ገበሬ የቀረበ ጉዳይ ነው።

ከፍሪክ እስከ ፕሪቶሪያ

አርኖልድ ታይለር የተወለዱት እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 1867 በስዊዘርላንድ፣ በአርጋው ካንቶን በምትገኘው የፍሪክ ከተማ ነው። አባታቸው መምህር ነበሩ። ልጃቸውም በበርንና በዙሪክ የእንስሳት ሕክምና ተምረው እ.ኤ.አ. በ1889 ተመረቁ። በአገራቸው ጥቂት ጊዜ ከሠሩ በኋላ ገና በወጣትነታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1891፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ትራንስቫል ተጓዙ።

አገሩ እንግዳ ሆነባቸው። ለሙያቸው የሚሆን ሥራ በቀላሉ ስላላገኙ በፕሪቶሪያ አቅራቢያ አይሪን በተባለ የእርሻ ቦታ ተቀጠሩ። እዚያ እያሉ የገለባ መቁረጫ ማሽን ግራ እጃቸውን ቆረጠው። ቀዶ ሕክምና ለሚያደርግ፣ በሬ ለሚይዝ፣ ፈረስ ለሚመረምር ሰው እጅ ማጣት ሙያውን እንደማጣት ይቆጠራል። ታይለር ግን ሙያቸውን አልተዉም። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመታት ያህል የሠሩትን ሥራ ሁሉ የሠሩት በአንድ እጃቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1893 በወርቅ ማዕድን ማውጫዎቹ አካባቢ የፈንጣጣ ወረርሽኝ ሲነሳ ታይለር የፈንጣጣ ክትባት አዘጋጅተው አቀረቡ። በዚህ ሥራቸው የትራንስቫል መንግሥት ዓይን ውስጥ ገቡ። በዚያው ዓመት ኤማ የጌን አገቡ፤ አራት ልጆችም አፈሩ። ስማቸውን በአፍሪካ ሁሉ ያሰማው ፈተና የመጣው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ከምጽዋ የተነሳው መቅሠፍት

በ1880 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ የገባው የከብት ደስታ በሽታ በሀገሪቱ የግብርና ታሪክ ከታዩት አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነበር። በሽታው ለጣሊያን ጦር ተብሎ በምጽዋ በኩል ከገባ ከብት ጋር እንደመጣ ይታመናል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሀገሪቱ ከብት 90 በመቶ ያህሉን እንደፈጀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። እርሻው ሲቆም ድርቅና አንበጣ ተጨምረውበት ረሀቡ በረታ። ዘመኑ እስከ ዛሬ ክፉ ቀን እየተባለ ይታወሳል። ዐፄ ምኒልክም ሕዝቡ ያለ በሬ እንዲቆፍር ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው በታሪክ ተመዝግቧል።

በሽታው ኢትዮጵያን ካራቆተ በኋላ በምሥራቅ አፍሪካ አድርጎ ወደ ደቡብ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻግሮ ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር ውስጥ ወደምትገኘው ቡላዋዮ ደረሰ። በቡላዋዮ ከብት በመንገድ ላይ ሲወድቅ የነገሩን ምንነት በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም። የትራንስቫል መንግሥት ታይለርን ወደዚያው ላከ። ታይለር የሞቱትን እንስሳት ከፍተው ከመረመሩ በኋላ የከብት ደስታ በሽታ መሆኑን ለዩ። በዚያው ዓመት የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ሆነው ተሾሙ።

በሽታው ከተለየ በኋላ ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ይካሄዱ ጀመር። ታይለር ከናታሉ የእንስሳት ሐኪም ኸርበርት ዋትኪንስ ፒችፎርድ ጋር ሆነው ከበሽታው ካገገሙ ከብቶች ደም ሴረም እያዘጋጁ ጤነኛውን ለመከላከል ሞከሩ። ታዋቂው ጀርመናዊ ሳይንቲስት ሮበርት ኮህም በኪምበርሊ በሐሞት የሚሠራ ሌላ ዘዴ ይሞክሩ ነበር። በሌላ በኩል የየግዛቱ ሹማምንት ከታመመ ከብት ጋር የዋለውን መንጋ ሁሉ ማስገደል ጀመሩ። ሕዝቡ ስለ በሽታው የተነገረው ነገር ጥቂት ነበር። ጤነኛ የመሰለው ላሙ በዓይኑ ፊት ሲገደል የተመለከተው ገበሬ ትእዛዙን እንደ በደል ቆጠረው፤ ከብቱንም ይደብቅ ጀመር። ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር በዚያው ዓመት ለተነሳው አመፅ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የከብት ግድያ ነበር። ትክክለኛ የሆነ የበሽታ መለየት ሥራ እንኳን ለባለከብቱ ካልተብራራ ጠብ እንደሚያመጣ ከዚያ ዘመን የበለጠ ማሳያ አይገኝም።

የከብት ደስታ በሽታ በነፍሳት አይተላለፍም። የሚተላለፈው ከታመመ እንስሳ ጋር በሚደረግ ንክኪና በትንፋሽ ነው። ስለዚህ ንክኪን በመለየትና በክትባት ሊገታ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ2011ም ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከዚያ በኋላ ታይለር የገጠሟቸው በሽታዎች ግን አጥርም ሆነ የከብት ልየታ የማያቆማቸው ነበሩ።

በማጣሪያ ያለፈው ደም

በደቡብ አፍሪካ በየዓመቱ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ፈረስ በብዛት ይሞት ነበር። የታመመው ፈረስ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ ያብጣል፤ ሳምባው ውስጥ ውሃ ሲሞላም በአፍንጫው አረፋ እየደፈቀ ይሞታል። በሽታው ዛሬ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ በሚል ስም ይታወቃል። ጥቂት ሆነው ከበሽታው የተረፉ ፈረሶች ዋጋቸው ከሌላው እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ገበሬው አንዴ ታሞ የዳነ ፈረስ ዳግም በቀላሉ እንደማይሞት ከልምድ ያውቅ ነበርና።

ገበሬው ሌላም ነገር ያውቅ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ጋጣ የገባና ጤዛው ከደረቀ በኋላ የወጣ ፈረስ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ብዙዎች ይህን ያዩት በጤዛው ውስጥ መርዝ ስላለ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ምልከታው ትክክል ነበር፤ ምክንያቱ ግን ስህተት ነበር። ታይለርና የዘመናቸው ባለሙያዎች የገበሬውን ምልከታ ሳይንቁ ምክንያቱን ለመፈተሽ ተነሱ።

የመጀመሪያው ጥያቄ በሽታውን የሚያመጣው ምንድን ነው የሚል ነበር። ከታመመ ፈረስ የተወሰደ ደም ለጤነኛ ፈረስ ሲሰጥ ጤነኛው ይታመማል። ስለዚህ መንስኤው በደም ውስጥ አለ ማለት ነው። ሆኖም ደሙን በማጉያ መነጽር ሲያዩት ምንም ባክቴሪያ አይታይም። ይህን ለመፍታት ደሙን ባክቴሪያ በማያሳልፍ ድፍን የሸክላ ማጣሪያ አሳለፉት። ተጣርቶ የወረደው ጥርት ያለ ፈሳሽ ጤነኛ ፈረስ ላይ ሲወጋ ፈረሱ እንደገና ታመመ። መንስኤው ከባክቴሪያ እጅግ ያነሰ፣ በማጣሪያው ቀዳዳ የሚያልፍ ነገር መሆኑ በዚህ ታወቀ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1900 ለንደን ላይ ጆን ማክፋድየን አሳዩ፤ ታይለርም በፕሪቶሪያ አቅራቢያ በምትገኘው የዳስፖርት ቤተ ሙከራቸው ይህንኑ አረጋገጡ። ዛሬ ቫይረስ የሚባለው ይኸው ነው። ቫይረስን አጉልቶ የሚያሳየው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሥራ ላይ የዋለው ታይለር ካረፉ በኋላ በመሆኑ የፈረሱን በሽታ ቫይረስ በዓይናቸው ሳያዩት ነው የኖሩት።

ታይለር ከማጣሪያው ሌላ ቀላል የሚመስል ግን ጠንካራ የሆነ መለያ ዘዴ ነበራቸው። ከአንድ በሽታ ያገገመ እንስሳ በሌላ አካባቢ በተገኘ የበሽታ ደም ይፈተናል። እንስሳው ካልታመመ ሁለቱ በሽታዎች አንድ ናቸው ማለት ነው። ከታመመ ግን ምልክታቸው ቢመሳሰልም የተለያዩ ናቸው። በዚህ መንገድ የአካባቢው ሰው በአንድ ስም የሚጠራቸውን በሽታዎች ለዩ፤ በተለያየ ስም የሚጠሩትን ደግሞ አንድ አደረጉ።

ይኸው ዘዴ አንድ የማይጠበቅ ነገር አወጣ። በትክክል ያገገሙ ፈረሶች አንዳንድ ጊዜ እንደገና በዚያው በሽታ ይታመሙ ነበር። ታይለር ነገሩን ሲመረምሩ የፈረሱ በሽታ ቫይረስ አንድ ዓይነት ብቻ አለመሆኑን ደረሱበት። ለአንዱ ዓይነት የተገኘ የመከላከል አቅም ለሌላው ዋስትና አይሆንም። ዛሬ የዚህ ቫይረስ ዓይነቶች ዘጠኝ መሆናቸው ታውቋል። ክትባት የተሰጠው እንስሳ ቢታመም ክትባቱ ውሸት ነው ከማለት በፊት የትኛው ዓይነት ቫይረስ እንደመጣ መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

ሰማያዊ ምላስና የከብቱ ድርሻ

በዚያው ዘመን በጎችን የሚፈጅ ሌላ በሽታ ነበር። የበጉ ከንፈርና ምላስ ያብጣል፤ አፉ ይቆስላል፤ ያነክሳል፤ አንዳንዴም ምላሱ ይጠቁራል ወይም ይሰማየዋል። ሰማያዊ ምላስ የተባለው በዚህ ነው። ታይለር እ.ኤ.አ. በ1906 ባወጡት ሥራ ይህም በሽታ በማጣሪያ በሚያልፍ ቫይረስ የሚመጣ መሆኑን አሳዩ። ቫይረሱን ከበግ ወደ በግ ደጋግመው በማሳለፍም የተዳከመ ክትባት አዘጋጁ። ክትባቱ በደቡብ አፍሪካ ለአርባ ዓመት ያህል ሲሰጥ ቆየ። ሆኖም ታይለር በዚህኛው ላይ ቫይረሱ አንድ ዓይነት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የሰማያዊ ምላስ ቫይረስም ብዙ ዓይነት እንዳለው ሲያረጋግጡ ክትባቱ ተለወጠ። ዛሬ የሚታወቁት ዓይነቶች ከ20 በላይ ናቸው።

የዚህ በሽታ አስቸጋሪ ጠባይ ከብት ላይ ይታያል። ሰማያዊ ምላስ የያዘው ከብት ብዙ ጊዜ ምንም የሕመም ምልክት አያሳይም። ቫይረሱ ግን ለሳምንታት በደሙ ውስጥ ይቆያል። ትንኝ ከዚህ ከብት ደም መጥጣ በጎረቤት ያለውን በግ ስትነክስ በሽታው ይሻገራል። በጎቹ ሲሞቱ የበሽታው ምንጭ ተረጋግተው የሚያመነዥኩት ላሞች ሊሆኑ ይችላሉ። በአንድ ጓሮ ከብት፣ በግና ፈረስ አብረው በሚያድሩበት እንደ ወንጪ ባለ አካባቢ ይህን ማወቅ ጠቃሚ ነው።

ነፍሳቱ የበሽታው ተሸካሚ ናቸው የሚለው ሐሳብ በታይለር ዘመን ብዙ ማስረጃ ነበረው። ዋትኪንስ ፒችፎርድ በናታል ነፍሳት የማያስገባ መረብ በተደረገበት ጋጣ ያሳደሯቸው ፈረሶች ከበሽታው ሲተርፉ አሳይተዋል። የትኛዋ ነፍሳት እንደሆነች ግን በእርግጠኝነት የታወቀው ታይለር ካረፉ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በታይለር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ዱ ቶይት ትናንሽ ተናካሽ ትንኞችን በወጥመድ ይዘው ሁለቱም ቫይረሶች በውስጣቸው እንዳሉ አረጋገጡ። እነዚህ ትንኞች ርዝመታቸው ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የሚራቡት እርጥብ አፈርና ፋንድያ ባለበት ስፍራ ሲሆን በብዛት የሚናከሱት ከፀሐይ መጥለቂያ እስከ ንጋት ነው። የገበሬው የጤዛ ተረት በመጨረሻ ፍቺውን ያገኘው በዚህ ነበር።

የታላላቆችም ስህተት

በሽታን በምልክቱ ብቻ መሰየም ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1902 አካባቢ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የመጣ አዲስ በሽታ የደቡብ አፍሪካን ከብት መግደል ጀመረ። ሮበርት ኮህ ተጠርተው መጡና መጀመሪያ ላይ ቀድሞ የሚታወቀው ደም የሚያሸና የመዥገር በሽታ ነው አሉ። በዚሁ ላይ ተመሥርተው ያቀረቡት የመከላከያ ዘዴም ከብቱን አላዳነም። ታይለር ከበሽታው ያገገሙ እንስሳትን እየፈተኑ ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ በሽታዎች መሆናቸውን አሳዩ። አዲሱ በሽታ በመዥገር የሚተላለፍ በመሆኑም መከላከያው መዥገርን መዋጋት ሆነ። መንስኤው ቫይረስ ሳይሆን በደም ሕዋስ ውስጥ የሚኖር ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ሳይንቲስቶች ይህን የተሕዋስ ወገን በእርሳቸው ስም ታይለሪያ ብለው ሰየሙት።

በዓለም የታወቀ ሊቅ እንኳን ሊሳሳት የሚችልበት ሥራ በመሆኑ ታይለር የተሟላ ቤተ ሙከራ እንዲሠራ መንግሥትን ወተወቱ። እ.ኤ.አ. በ1908 ከፕሪቶሪያ በስተሰሜን የኦንደርስተፖርት የእንስሳት ምርምር ተቋም ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1914 የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1920 በዚያው ስፍራ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1927 ጡረታ ወጡ፤ ጁላይ 24 ቀን 1936 ለንደን ውስጥ አረፉ።

ከልጆቻቸው መካከል ገርትሩድ በአፍሪካ መዥገሮች ጥናት የታወቁ ሊቅ ሆኑ። የመጨረሻው ልጃቸው ማክስ ደግሞ በትንኝ የሚተላለፈውን የቢጫ ወባ ቫይረስ መከላከያ ክትባት ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ቢጫ ወባ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተነስቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲፈጅ የመከላከያው መሣሪያ የታይለር ልጅ ያገኙት ክትባት ነበር።

ታይለር ያልደረሱበት በሽታ

በዛሬው ጊዜ የኢትዮጵያን ከብት ከሚያጠቁ የነፍሳት ወለድ ቫይረሶች መካከል አርሶ አደሩ በቅርብ የሚያውቀው በተለምዶ ጉርብርብ የሚባለውን የቆዳ እባጭ በሽታ ነው። በሽታው መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1929 ዛሬ ዛምቢያ በምትባለው አገር ነው። በዚያን ጊዜ ባለሙያዎቹ ራሳቸው የዕፅ መርዝ ወይም የነፍሳት ንክሻ ያመጣው እባጭ ነው ብለው ለዓመታት ተሳስተዋል። በዚህ መካከል በሽታው ተዛመተ። እ.ኤ.አ. በ1944 ደቡብ አፍሪካ ገብቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስምንት ሚሊዮን ያህል ከብት ነካ። ተላላፊ መሆኑንና መንስኤውም ከበግና ከፍየል ፈንጣጣ ጋር የሚዛመድ ቫይረስ መሆኑን በመለየት ረገድ ታይለር የመሠረቱት ተቋም ዋነኛ ድርሻ ነበረው።

በኢትዮጵያ በሽታው መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1983 ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ባለው አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲህ አብዛኛውን የሀገሪቱን ክፍል አዳርሷል። ቫይረሱን ከከብት ወደ ከብት የሚያሻግሩት ተናካሽ ዝንቦች፣ ቢንቢዎችና መዥገሮች ናቸው። በሀገራችን የተደረጉ ጥናቶች በሽታው በወይና ደጋ ከደጋው ይልቅ እንደሚበረታ፣ በጋራ ግጦሽና በጋራ ውሃ የሚገናኝ መንጋ ይበልጥ እንደሚጠቃ፣ አዲስ ከብት ወደ መንጋ መቀላቀልም አደጋውን እንደሚጨምር አመልክተዋል። ዲቃላ የወተት ላሞች ከአገር በቀል ዝርያዎች ይልቅ ይጎዳሉ። ወረርሽኙ የሚበዛውም ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ከመስከረም ጀምሮ ባሉት ወራት ነው።

ይህ ለወንጪና ለአምቦ አካባቢ ግልጽ ትርጉም አለው። የወንጪ ሐይቅ ዙሪያ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ የሆነ ብርዳማ ደጋ ነው። አምቦና ጉደር ግን ዝቅ ያለ ወይና ደጋ ናቸው። ብርዱ ነፍሳትን ስለሚቀንስ ደገኛው በተፈጥሮ በመጠኑ ይጠበቃል። ነገር ግን በገበያ ቀን ከታች የተገዛ በሬ ወደ ላይ ይወጣል፤ መኖ ሲያጥርም መንጋ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የከፍታው ጥበቃ አዲስ ከብት ከበሽታ ጋር እንዳይገባ የሚከለክል አይደለም። አዲስ የተገዛን ከብት ከመንጋው ለይቶ ለአራት ሳምንት ያህል ማቆየት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

ምልክቱን ማወቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። የታመመው ከብት ይግላል፤ እንባና ንፍጥ ያበዛል፤ ከብብቱና ከታፋው ፊት ያሉት ዕጢዎች ያብጣሉ፤ ከዚያም በአንገቱ፣ በጎኑ፣ በእግሩና በጡቱ ላይ ከሁለት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ጠንካራ እባጭ ይወጣል። ላም ወተቷ ይቀንሳል፤ ልትጨነግፍም ትችላለች። የእርሻ በሬ እግሩ አብጦ ከቀንበር ይውላል፤ ቆዳውም ዋጋ ያጣል። የሚሞተው ከብት ብዙውን ጊዜ ከአሥር በመቶ በታች ቢሆንም በዘር ወቅት በሬ ያጣ ገበሬ ጉዳቱ የዓመት ነው። በሽታው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ይሁን እንጂ የቆዳ ቁስልና እባጭ የሚያመጡ ሌሎች በሽታዎችም አሉ። የነፍሳት ንክሻ፣ ጭርት፣ በእርጥበት ጊዜ የሚበረታ የቆዳ ባክቴሪያና ቀለል ያለ ሌላ የቫይረስ እባጭ ከጉርብርብ ጋር ይመሳሰላሉ። በዓይን ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ከእባጩ ቅርፊትና ከከብቱ ደም ናሙና ወስዶ በበረዶ ሣጥን ቢልከው ቤተ ሙከራው የቫይረሱን ዘረ መል ፈልጎ ማንነቱን ያረጋግጣል። ታይለር በሸክላ ማጣሪያና በጤነኛ እንስሳ ለወራት ይፈትኑት የነበረውን ጥያቄ ዛሬ መሣሪያው በሰዓታት ውስጥ ይመልሰዋል። ሰበታ የሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ለዚህ ሥራ የቆመ ነው። ከወንጪ በወሊሶና በቱሉ ቦሎ በኩል ሰበታ ለመድረስ ናሙናው ከአንድ ቀን በላይ መንገድ ላይ አይቆይም።

ለዚህ ሰንሰለት ወሳኙ ጊዜ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። አርሶ አደሩ የመጀመሪያውን እባጭ እንዳየ ለቀበሌው ባለሙያ ቢናገር፣ ባለሙያውም ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ቢያሳውቅ በዙሪያው ያለውን ጤነኛ መንጋ መከተብና የከብት ዝውውርን ለጊዜው መግታት ይቻላል። የጉርብርብም ሆነ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት በ1956 ዓ.ም. በተቋቋመው የቢሾፍቱ ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ይመረታል። ክትባቱ ጥቅም የሚሰጠው ነፍሳቱ ከመብዛታቸው በፊት ሲሰጥ ነው፤ ወረርሽኙ መንጋውን ካዳረሰ በኋላ የሚሰጥ ክትባት ብዙም አያድንም። ለእያንዳንዱ ከብት መርፌ መቀየርም ግዴታ ነው። በአንድ መርፌ መንጋ ሙሉ መውጋት ዝንቡ የሚሠራውን ሥራ በሰው እጅ መሥራት ነው። ከገበያ የተገዛ አንቲባዮቲክም ቫይረሱን አይገድልም፤ በባለሙያ ሲታዘዝ የሚጠቅመው የቆሰለው ስፍራ እንዳያመረቅዝ ብቻ ነው።

የወረዳ አመራሩ ድርሻ ደግሞ ከቡላዋዮው ታሪክ ይታያል። ገበያ ይዘጋ ወይም ከብት አይንቀሳቀስ የሚል ትእዛዝ ብቻውን ከሄደ ባለከብቱ የታመመውን በሌሊት ነድቶ ይሸጠዋል፤ በሽታውም አብሮት ይሄዳል። የናሙናው ውጤት ምን እንደሆነ፣ እገዳው ለስንት ቀን እንደሚቆይና ክትባቱ መቼ እንደሚመጣ በቀበሌ ስብሰባ ከተነገረ ግን ገበሬው ራሱ ጠባቂ ይሆናል። ውጤት ሳይነገረው ናሙና የተወሰደበት አርሶ አደር በሚቀጥለው ዓመት የታመመ ከብቱን ለማሳየት አይነሳሳም።

በወንጪ ፈረስ ጭነት ከመሸከም አልፎ ሐይቁን ለማየት የሚመጣውን እንግዳ ቁልቁል አውርዶ ሽቅብ በማውጣት ለብዙ ቤተሰብ የገቢ ምንጭ ሆኗል። ለዚህ ፈረስ ትንኝ በሚበዛበት ወቅት ከማታ ጀምሮ ጋጣ ውስጥ ማደር፣ ፋንድያውን ከደጅ ማራቅና በየዓመቱ በወቅቱ መከተብ ዛሬም ታይለር ዘመን ላይ እንደነበረው ሁሉ ይሠራል። ወረዳዎች የዓመት ዕቅዳቸውን ሲያወጡ የክትባቱን ጥያቄ ከክረምቱ በፊት ማቅረብ፣ ባለሙያው የናሙና ዕቃና የበረዶ ሣጥን እንዲኖረው ማድረግ፣ የመጣውንም ውጤት ለባለከብቱ ማድረስ ይጠበቅባቸዋል።